«ፈቃድ» እና «እግድ»፦ በአንድ ቃል ስለተጠሩ ሁለት ክልከላዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ጽሑፍ ትርጉም ወደ ሆሳዕና ተጉዤ ሳለሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የድረ ገጽ አገልጋይ ላይ የደረሰ ችግር ለመመልከት ዕድል አገኘሁ። ባለሙያው ገጾቹን በራሱ የግል አቃፊ ውስጥ አሰናድቶ ወደ አገልጋዩ አቃፊ ቢያዛውራቸው፣ አገልጋዩ «403» የተባለውን የክልከላ መልስ ብቻ ይሰጥ ጀመር። መልእክቱን «ፈቃድ ተከልክሏል» ብሎ ተረጎመው። የጎደለው ፈቃድ ከሆነ መፍትሔው ፈቃድ መስጠት ነውና፣ ለማንም የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ሥልጣን ሰጠ። ክልከላው ግን አልተነሣም። በመጨረሻ የጥበቃው ሥርዓት ማገዱን ትቶ እንዲመዘግብ ብቻ አደረገውና ገጹ ተከፈተ። በዚያ ቀን ሁሉም ደስ አለው፤ በሩ ያለ ጠባቂ መቅረቱን ልብ ያለ ግን አልነበረም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ከባለሙያው ይልቅ የቃሉ ነው። በኮምፒዩተር ታሪክ ሁለት ዐይነት ክልከላ አለ። የመጀመሪያው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መግቢያ አንሥቶ በዩኒክስ የተለመደው ነው፤ በእርሱ የፋይሉ ባለቤት ለራሱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው የወደደውን ይሰጣል፣ ያልወደደውን ይነሣል። ሁለተኛውን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣውና ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ «ብርቱካናማው መጽሐፍ» በተባለው መስፈርት ውስጥ ከመጀመሪያው ተለይቶ እናገኘዋለን። በዚህኛው ፋይሉም ፋይሉን የሚጠይቀው ፕሮግራምም መለያ ይሰጣቸዋል፤ የሚወስነውም የባለቤቱ ፍላጎት ሳይሆን ለሁሉ የተደነገገ መመሪያ ነው። የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ የለቀቀው ኤስኢሊኑክስ ይህን ሐሳብ ወደ ሊኑክስ አመጣው፤ በ2003ም በዋናው ሊኑክስ ውስጥ ተካተተ።

የሆሳዕናው ፋይል የታገደው በዚህ በሁለተኛው ነው። ፋይል ሲዛወር የቀድሞ መለያውን ይዞ ይሄዳል፤ ሲቀዳ ግን የአዲሱን ቦታ መለያ ይወስዳል። አገልጋዩ ደግሞ የግል አቃፊ መለያ ያለበትን እንዳያነብ ተደንግጓል። መድኃኒቱ መለያውን ከቦታው ጋር ማስማማት፣ ይኸውም የአንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበር። (ዋቸሞ የተባለው የሆሳዕና የቀድሞ ስም ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ስለሚነበብ፣ አሮጌ መለያ ቶሎ አለመልቀቁ ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም።)

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ፈቀደ» በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው፤ ፈቃድም ከአንድ ሰው ልብ የሚወጣ ውዴታ ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ ክልከላ ይስማማል፤ የማንም ውዴታ ለማይጠየቅበት ግን ያሳስታል። በሶፍትዌር ትርጉሞች የሚታየው «መዳረሻ ተከልክሏል» የሚለውም አያድንም፤ መዳረሻ መንገደኛ የሚደርስበት ሥፍራ እንጂ መድረስ መቻል አይደለምና። «ኬላ» ይሁን ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። ኬላ ግን መንገድ ላይ ቆሞ አላፊውን ይፈትሻል፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ማን የትኛውን ዕቃ ይንካ አይልም። እኔ ከፍርድ ቤት ቋንቋ «እግድ»ን መዋስ እመርጣለሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በሚያውቀው እግድ፣ የታገደውን ንብረት ባለቤቱ ራሱ እንኳ ሊሸጠው አይችልም። የፋይሉም ነገር ይኸው ነው።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ጉዳዩ እጥፍ ይሆናል። ሀዲይኛና ከምባትኛ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ነበሩ፤ ያን ጊዜ በግእዝ ፊደል፣ ዛሬ በላቲን ይጻፋሉ። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ባለሙያው መልእክቱን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በአማርኛ ይመካከራል፣ ለጓደኛው በአፍ መፍቻው ያስረዳል። በአማርኛው የተደባለቀው ሐሳብ እንደተደባለቀ ወደ ሦስተኛው ቋንቋ ይሻገራል።

የጥበቃው መዝገብ ማን፣ በምን ላይ፣ ምን ሊያደርግ ሲል እንደታገደ በየመስመሩ ይጽፋል። በረቂቄ ውስጥ «ተከለከለ» የነበረውን ሰርዤ «ታገደ» አልሁ። ባለሙያውም በማግስቱ አንብቦት ጥበቃውን ወደ ሥራው መለሰ፤ ለሁሉ የሰጠውን ሥልጣን ነሣ፤ ከዚያም መዝገቡን ከፍቶ፣ «ታዲያ ይሄ የየት ቦታ መለያ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።