ስም ያለው ሁሉ አልሞተም፦ የአንድ እንጨት መሰል ፍጥረት የምደባ ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የእንስሳትን ሳይንሳዊ ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ምደባ ሲነሣ «የላቲን ስም መሸምደድ ምን ይረባል?» የሚል ቅሬታ በየክፍሉ ይሰማል። እኛ ግን ምደባ አንድ ፍጥረት ከምድር ጠፍቷል ወይስ አለ የሚለውን ክርክር የሚቆርጥ ዳኛ ነው እንላለን። ማስረጃችን የሚከተለው ታሪክ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንጨት መሰል ነፍሳት ጭራሮና ቅጠል መስለው የሚኖሩ ናቸው። በብዛት የሚገኙት በሞቃትና ዝናባም አገሮች ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባወጣው መጽሐፍ እነዚህን ከአንበጣና ከፌንጣ ጋር በአንድ ወገን ደባልቋቸው ነበር። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ለብቻቸው አወጧቸው። ይሁንና እርስ በርሳቸው ማን የማን ዘመድ ነው የሚለው ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አልሆነም።

ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ ሎርድ ሃው የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እዚያ ጥቁር፣ ክንፍ የሌለው፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም እንጨት መሰል ፍጥረት ይኖር ነበር። ሞንትሩዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሚሲዮናዊ በ1855 «ካራቢዲዮን አውስትራሌ» ብሎ ሰየመው። ቆየት ብሎም ዩሪካንታ ከሚባለው የኒው ጊኒ ወገን ውስጥ ተከተተ። ምን ይደረግ፣ ይመሳሰላላ! ሁለቱም ወፍራም ናቸው፤ ክንፍ የላቸውም፤ የወንዶቹም የኋላ ጭን ደንዳናና እሾኻም ነው። አሜሪካዊው ጉርኒ በ1947 «ድራዮኮሴለስ» የሚል የራሱን ወገን ቢሰጠውም፣ የዩሪካንታ የቅርብ ዘመድ ነው መባሉ አልቀረም። በ2009 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን ዝምድናቸው የሩቅ መሆኑን አሳየ። መልካቸው የተቀራረበው ኑሯቸው ስለተመሳሰለ ነው እንጂ በቅርብ አባት ስለተገናኙ አይደለም።

የሚያሳዝነው ጉርኒ ወገን ሲሰጠው ፍጥረቱ ጠፋ ከተባለ ቆይቷል። በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ በደሴቲቱ ዳርቻ መሬት ነክታ ቆመች፤ ከመርከቧ የወረዱት አይጦችም ደሴቲቱን ወረሩ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ይህ ፍጥረት ከደሴቲቱ ላይ ድራሹ ጠፋ። የቀረው በየሙዚየሙ ሣጥን ውስጥ በመርፌ ተወግቶ የደረቀው ናሙና ብቻ ነበር።

ታዲያ ከሎርድ ሃው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦልስ ፒራሚድ የሚባል፣ ከባሕር መካከል ቀጥ ብሎ የወጣ ቋጥኝ አለ። በ1964 ቋጥኙን የወጡ ሰዎች የሞተ አንድ አገኙ። በ2001 ደግሞ ፕሪድልና ካርላይል የተባሉ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉትን በአንድ ቁጥቋጦ ሥር አገኟቸው፤ ከ24 ያህል አይበልጡም ነበር። በ2003 ሁለት ጥንዶች ተወስደው መራባት ጀመሩ፤ በተለይ በሜልቦርን የአራዊት ማቆያ እርባታው ተሳካ።

ዋናው ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የቋጥኙ ፍጥረት ከሙዚየሙ ናሙና ጋር ሲነጻጸር በመልክ ለየት ይላል። ሌላ ዝርያ ከሆነ የደሴቲቱ ተወላጅ በእርግጥ በአይጥ አልቋል ማለት ነው። የቋጥኙን ወስዶ ደሴቲቱ ላይ መልቀቅም ባዕድ ማስገባት እንጂ ባለቤቱን ወደ አገሩ መመለስ አይሆንም። በ2017 ሚኬዬቭ የመራው ቡድን ከደረቁት አሮጌ ናሙናዎች ዘረ መል አውጥቶ ከሕያዋኑ ጋር አስተያየ። በመረመሩት የዘረ መል ክፍል ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ሆነ። ዝርያው አንድ ነው፤ አልጠፋም! በ2019 በደሴቲቱ ላይ አይጥን ለማጥፋት ሰፊ የመርዝ ዘመቻ ሲካሄድ፣ ይህን ፍጥረት መልሶ የማስፈር ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት ያገኘው በዚህ ፍርድ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፦ ፍርዱን ያስቻለው በ1918 አይጦቹ ከመውረዳቸው በፊት ተሰብስቦ በሣጥን የተቀመጠ ደረቅ ናሙና ነው። የሰበሰበው ሰው ስለ ዘረ መል የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሰብስቦ አስቀመጠ እንጂ። ስሙ ሦስቴ ቢገላበጥም ናሙናው ስላለ ጥያቄው እንደገና ሊጠየቅ ቻለ። ስለዚህ ነፍሳት ለቅሞ የሚያደርቀውን፣ ሣጥኑንም ከብል የሚጠብቀውን ሰው ሥራ እንደ ትርፍ ነገር አንቁጠረው።