የብዙ ልሳን ባለቤቶችና የአፍ መፍቻ ቋንቋ፦ ከታሪክ ለወላይታ ትምህርት ቤቶች የሚገኝ ትምህርት

ብዙ ቋንቋ ማወቅ በማንኛውም ዘመንና አገር ሰውን ሲያስደንቅ የኖረ ችሎታ ነው። የትምህርት ባለሙያ ግን በመደነቅ ብቻ ሳይወሰን ይህ ችሎታ ከምን እንደሚመነጭና ለምን ጥቅም እንደሚውል ሊጠይቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1774 በቦሎኛ ከተማ ተወልደው በ1849 ያረፉት ኢጣልያዊው ካርዲናል ጁዜፔ ሜዞፋንቲ ከሠላሳ የማያንሱ ቋንቋዎችን ይናገሩ እንደነበር የዘመናቸው ሰዎች መስክረውላቸዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ለተከታዩ ትውልድ የተረፈው የጽሑፍ ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የቋንቋዎች ቁጥር ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአገራችን ታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን መርምሮ፣ የብዙ ቋንቋ ዕውቀት ፍሬ የሚሰጠው እያንዳንዱን ቋንቋ ከባለቤቱ አንደበት በመማርና በየራሱ መልክ በመጠበቅ መሆኑን ማሳየት፣ ከዚያም ይህ ለወላይታ ትምህርት ቤቶች ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ (እ.ኤ.አ. 1624–1704) ናቸው። ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎችን ያውቁ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ግዕዝን በመጀመሪያ የተማሩት በአውሮፓ ይገኙ ከነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ወደ ሮም በሄዱ ጊዜ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል የቤተ አምሐራውን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን አገኙ። ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘው ዕውቀት ለንግግር እንደማይበቃም ወዲያው ተረዱ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ተጓዙ። በዚያም ሉዶልፍ እንደ ደቀ መዝሙር እየጠየቁ፣ አባ ጎርጎርዮስ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ልማድና ቋንቋ እየመለሱ አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ሆኖም ከእርሳቸው የተገኘው ዕውቀት በ1681 በታተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 በወጡት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ውስጥ ጸንቶ ቆየ። ስመ ጥሩው የቋንቋ ሊቅ በአማርኛ ረገድ ተማሪ ነበሩ፤ መምህራቸውም ቋንቋውን ከእናታቸው አፍ የተማሩ ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወልደው ሂካ ይባሉ ነበር። ገና በልጅነታቸው ታፍነው በባርነት ከተሸጡ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጡ። ከዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን ተሻግረው ተመለሱ። ከኦሮምኛ ሌላ አማርኛንና ስዊድንኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎች ቢያውቁም፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም በጀመሩ ጊዜ ያጋጠማቸው ትልቁ ችግር የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። በልጅነታቸው ከቋንቋው ሕዝብ ስለተለዩ የቃላት ክምችታቸው ለሥራው አልበቃም። ይህን ጉድለት በዋነኛነት የሞሉት እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን አሰባሰቡ፤ በቃል የሚነገሩ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በጽሑፍ አሰፈሩ። በዚህ ትብብር አዲስ ኪዳን በ1893፣ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተሙ፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ በኦሮምኛ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1931 አረፉ።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ ብዙ ቋንቋ ማወቅ ማለት ቋንቋዎችን መደባለቅ አለመሆኑን ነው። ይህን መዘንጋት የሚያስከትለውን ጉዳት የወላይታ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ወላይታ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ ነው። በደቡብና በምዕራብ በኩል ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ ይነገራሉ፤ እነዚህ እንደ ወላይትኛ ሁሉ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ናቸው። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ከኩሻዊ ወገን የሆኑት ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና ሲዳምኛ ይነገራሉ። በሶዶ ገበያ የሚውል ሰው ከአንድ ቋንቋ በላይ መስማቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ለማስተማሪያነት ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ካጸደቀ በኋላም በላቲን ፊደል እየተጻፈ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አጣምሮ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ የማበጀት ሐሳብ ቀረበ። ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላትም «ወጋጎዳ» ተባለ። ቋንቋዎቹ እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸውና ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ማዘጋጀት ወጪ ስለሚጠይቅ ሐሳቡ ከዕቅድ አውጪ ጠረጴዛ ሲታይ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። መጻሕፍቱ ወደ ክፍል በገቡ ጊዜ ግን መምህሩም ተማሪውም የራሱ ያልሆነ ቋንቋ ገጠመው። በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. ሶዶን ማዕከል ያደረገ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ከአገልግሎት ወጡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን፣ ኦኔሲሞስ አስቴርን ጠይቀዋል። በወጋጎዳ ጊዜ የጐደለው ይኸው ባለቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነበር። የአራት ቋንቋ ተናጋሪዎች እርስ በርሳቸው ሊግባቡ ይችላሉ፤ መግባባታቸው ግን የየራሳቸውን ቋንቋ እንዲተዉ አያስገድዳቸውም።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ መምህሩ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ተማሪዎቹ ከቤትና ከገበያ ይዘዋቸው የመጡትን ቋንቋዎች ይመዝግብ፤ ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ሕፃን እንግሊዝኛው ስለደከመ ብቻ «ቋንቋ አይችልም» ሊባል አይገባውም። ሁለተኛ፣ ወላይትኛ ወደ እንግሊዝኛ መሻገሪያ ብቻ ተደርጎ ሳይቆጠር በላይኛዎቹም ክፍሎች በትምህርትነት ይጠናከር። ሦስተኛ፣ የመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኞች የአስቴር ጋኖን አርአያ ተከትለው ከሽማግሌዎች ተረትና ምሳሌ ይሰብስቡ፤ የማንበቢያ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለውም። አራተኛ፣ ሠልጣኞች ወላይትኛን በሁለቱም ፊደል ማንበብ ይልመዱ፤ በዘመቻው ጊዜ አያት በግዕዝ ፊደል የተማረውን የልጅ ልጁ ማንበብ ካልቻለ የአንድ ትውልድ ድካም ይባክናል። አምስተኛ፣ ማንኛውም አዲስ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በቋንቋው ተናጋሪዎች ዘንድ በክፍል ውስጥ ይፈተን። የዚህ ፈተና ወጪ፣ ታትሞ ከሚጣል መጽሐፍና ከሚጠፋ ሕይወት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።