ልዩ ልዩ ምንጮች በአንድ መስመር፤ ከጢስ ዓባይ ተርባይን እስከ ይፋግ ጣሪያ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ይፋግ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመንና ከዚያም በኋላ በገበያዋና በኬላዋ የታወቀች የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። በገበያዋም አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ጐን ለጐን ይሠራባቸው ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ብሩ ግን ከባሕር ማዶ ተቀርጾ የመጣና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ነው። የሁለቱ ባሕርይ ፈጽሞ የተለያየ ሲሆን፣ ገበያው ሳይታወክ የኖረው ገዢውም ሻጩም የዕለቱን ምንዛሪ ስለሚያውቅ ነበር።

በዚሁ በፎገራ ሜዳና በአካባቢው ዛሬ የሚታሰበው መቀላቀል የኤሌክትሪክ ኃይል መቀላቀል ነው። መስመሩ በደረሰበት ከተማ መብራት አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ መስመሩ ባልደረሰበት መንደር ደግሞ ተስፋው ፀሐይ ነው። ከዚህም የተነሣ ባለቤቱ ዛሬ አንድ ዓይነት ኢንቨርተር፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ገዝቶ ሁለቱን በአንድ ቤት ሊያገናኝ ይፈልጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ባሕርያቸው ሳይታወቅ ቢገናኙ መሣሪያው ይቃጠላል፤ ከዚያም ብሶ በምሰሶ ላይ የሚሠራ የመስመር ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለት የተለያዩ የኃይል ምንጮች በአንድ ሽቦ ላይ የሚስማሙበት ሕግ ግን ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፤ ውሃና ናፍጣ

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1898 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተተከለው ጄኔሬተር ብቻውን የሚሠራ ነበር። ብቻውን የሚሠራ መሣሪያ ከማንም ጋር መስማማት አያስፈልገውም። በ1932 እ.ኤ.አ. የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1956 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የቆቃ ማመንጫ በ43.2 ሜጋዋት አቅም ተመረቀ። ለጣና አካባቢ ደግሞ ታላቁ ለውጥ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ነው። ይህ ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ኃይል መስጠት ጀመረ።

በአንድ መስመር ላይ ከአንድ በላይ ተርባይን ሲሠራ ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፤ ቮልቴጁ፣ የሞገዱ ድግግሞሽና የሞገዱ መነሻ ጊዜ። በኢትዮጵያ ድግግሞሹ በሰከንድ 50 ነው። ሁለት ጄኔሬተሮች ሳይስማሙ ማብሪያው ቢዘጋ፣ አንዱ በሌላው ላይ ከፍተኛ ኮረንቲ ይጭናል፤ ብረቱም ይጎዳል።

ከተስማሙ በኋላ ጭነቱን የሚያካፍላቸው ራሱ ድግግሞሹ ነው። ፋብሪካው ሞተር ሲያስነሣ ተርባይኖቹ በጥቂቱ ይዘገያሉ፤ ድግግሞሹ ከ50 ዝቅ ይላል፤ በእያንዳንዱ ተርባይን ላይ ያለው የፍጥነት ተቆጣጣሪም መቀነሱን አይቶ የውሃውን በር በየድርሻው ይከፍታል። ጭነቱ ሲቀንስ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል። በመካከላቸው የስልክ ሽቦ ሳይኖር፣ አዛዥም ሳይቆም፣ ሁሉም የሚያነቡት አንድ ምልክት አለ። በይፋግ ገበያ ምንዛሪው የሠራውን ሥራ በመስመሩ ላይ ድግግሞሹ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የኋለኛውን ዘመን ኢንቨርተር ሊረዳ አይችልም።

ሁለተኛው ምዕራፍ፤ የማይሽከረከር ማሽን

ቀጥተኛውን ኮረንቲ ወደ ተለዋዋጭ የሚለውጠው መሣሪያ ቀድሞ የሚሽከረከር ነበር፤ በአንድ ዘንግ ላይ ሞተርና ጄኔሬተር ይታሠሩ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ የሲሊከን የፀሐይ ሴልን ለዓለም አሳየ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ታይሪስተር የተባለውን የኃይል ማብሪያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኮረንቲን ያለ ሽክርክሪት መለወጥ ቀለለ። በኢትዮጵያም በ1985 እ.ኤ.አ. በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ተተከለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አቅሙ ወደ 30 ኪሎዋት አደገ።

ከጊዜ በኋላ ሁለት ዓይነት ኢንቨርተር ተለይቶ ወጣ። አንደኛው ተከታይ ነው፤ በመስመሩ ላይ ያገኘውን ሞገድ አይቶ በዚያው ልክ ኮረንቲ ይጨምርበታል። ሞገዱ ከጠፋ በሕግ የተወሰነው አጭር ጊዜ ሳያልፍ ሥራውን ያቆማል፤ ምክንያቱም መስመሩ ሞቷል ብሎ ሽቦ የሚነካው ሠራተኛ መዳን አለበት። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ቀትር ላይ እንኳ ቢሆን፣ ይህ ኢንቨርተር ብቻውን ለቤቱ ምንም አይሰጥም። ሁለተኛው መሪ ነው፤ ከባትሪ ተነሥቶ 220 ቮልትና 50 ድግግሞሽ ራሱ ይፈጥራል። ተከታዩን ከተከታይ ጋር ማገናኘት ጨለማን አያስቀርም፤ እርስ በርሳቸው መናበብ የማይችሉ ሁለት መሪዎችን ማገናኘት ደግሞ እንዳልተስማሙት ጄኔሬተሮች ጥፋት ነው። የሚሠራው ጥምረት አንድ መሪና እርሱን የሚሰሙ ተከታዮች ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ፤ የኪትኖስ ትምህርት

ይህ ጥምረት በጀርመን አገር በካሰል ከተማ በዩኒቨርሲቲውና ከእርሱ በወጡ መሐንዲሶች ዘንድ ለረዥም ጊዜ ተጠና። በ2001 እ.ኤ.አ. በግሪክ በኪትኖስ ደሴት ጋይዱሮማንትራ በተባለ ሰፈር 12 ቤቶች ያለ ዋና መስመር በዚህ ዘዴ ብርሃን አገኙ። በየቦታው የተበተኑት የፀሐይ ኢንቨርተሮች ተከታዮች፣ የባትሪ ኢንቨርተሮቹ መሪዎች፣ አንድ አነስተኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ደግሞ መጠባበቂያ ነበሩ። ባትሪው በሞላ ጊዜ መሪው ድግግሞሹን ከ50 በላይ ያደርጋል፤ ተከታዮቹም ይህን አንብበው የሚያመነጩትን ይቀንሳሉ። በጢስ ዓባይ ተርባይን ውስጥ የነበረው የቀድሞ ሕግ፣ የሚሽከረከር ብረት በሌለበት እንደገና ተሠራበት።

ይሁንና ምልክቱን ሁሉም በአንድ መንገድ ካላነበቡት ምን እንደሚሆን ራሷ ጀርመን አይታለች። የቆዩት የፀሐይ ኢንቨርተሮቿ ድግግሞሹ 50.2 ሲደርስ በአንድ ጊዜ እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። መሣሪያዎቹ ጥቂት በነበሩ ጊዜ ጉዳት አልነበረውም፤ ሲበዙ ግን የአውሮፓን መረብ በአንድ ቅጽበት ሊያናጋ የሚችል ሆነ። ስለዚህ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ከ300,000 በላይ ተከላዎች እንዲስተካከሉ ታዘዘ። አዲሶቹ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከመጥፋት ይልቅ ከ50.2 ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ።

ይህ ታሪክ ለፎገራ ቤት

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት በይፋግ ወይም በወረታ ላለ አንድ ቤት በቀጥታ ይሠራል። በመጀመሪያ፣ የፀሐይ ኢንቨርተሮቹ አቅም ከመሪው የባትሪ ኢንቨርተር አቅም መብለጥ የለበትም። በቀትር ፓምፕ ወይም ወፍጮ በድንገት ሲቆም፣ ከጣሪያው የሚመጣው ኃይል ሁሉ በመሪው በኩል ወደ ባትሪው ይዞራልና። ሁለተኛ፣ ተከታዩ ኢንቨርተር ለድግግሞሽ መጨመር በመቀነስ የሚመልስ መሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይረጋገጥ፤ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ባትሪው በሞላ ቁጥር እየጠፋ እየበራ ይቸገራል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። በክረምት ደመናው ተከታትሎ ባትሪው ፈጽሞ ቢያልቅ መሪው ይቆማል፤ መሪው ሲቆም ተከታዮቹም ይቆማሉ። በማግሥቱ ፀሐይ ብትወጣም ቤቱ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፤ ሞገድ የሚሰጣቸው የለምና። ስለዚህ ከፓነሎቹ ከፊሉ በቻርጅ መቆጣጠሪያ አማካይነት በቀጥታ ባትሪውን እንዲሞላ ማድረግ ይገባል። የሁለቱ ዘዴዎች ቅልቅል ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ቀን የሚሠራውን ጭነት በቀጥታ ይመግባል፣ ሌላው የሞተውን ባትሪ ያስነሣል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የመለያያ ማብሪያው ነው። መሪው ሥራ ሲጀምር ቤቱ ከሕዝብ መስመር ፈጽሞ መለየት አለበት። በአንድ ቤት የተፈጠረ 220 ቮልት በመንደሩ ትራንስፎርመር ወደ ኋላ ቢያልፍ፣ በምሰሶው ላይ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በሺሕ የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። ይህን የሚከለክል መሣሪያ ሳይኖር በእጅ በተቆራረጠ ሽቦ የሚደረግ ግንኙነት የጎረቤትን ልጅ ሞት መጥራት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመረቀ። ግድቡ ከአነስተኛው ጣሪያ ጋር ተወዳዳሪ አይደለም፤ ሁለቱም ለአንድ ድግግሞሽ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ የባለሙያው ተግባር መሣሪያ መርጦ መትከል ብቻ አይደለም። መሪው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከተል፣ መስመሩስ የት ላይ እንደሚለያይ በግልጽ ሥዕል አድርጎ በማከፋፈያው ሳጥን በር ላይ ለባለቤቱ ሊተውለት ይገባል። ከእርሱ በኋላ ያንን ሳጥን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና።