የወለጋ ኦሮምኛና የጽሕፈት ቋንቋ አመጣጥ

በቢላ፥ በነጆና በነቀምቴ የሚነገረው ኦሮምኛ ከሌላው ይልቅ «የጠራ» ነው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ይሰማል። አስተያየቱ ግን ኹለት ነገሮችን ያቀላቅላል፤ አንደኛው የአነጋገሩ ጥንታዊነት፥ ኹለተኛውም በመጽሐፍ ያገኘው ክብር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ኦሮምኛ ከራያና ከወሎ እስከ ቦረናና እስከ ኬንያ ድረስ የሚነገር የኩሽ ቋንቋ ነው። የወለጋው አነጋገር ሜጫ ከሚባለው ከምዕራቡ ክፍል ይመደባል። የሐረርጌ ሰው «ይሄዳሉ» ለማለት «ዴመኒ» ሲል፥ የቢላ ሰው «ዴሙ» ይላል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን የጾታ መለያ ነው። በምሥራቅና በደቡብ «ልጄ» ሲባል ወንዱ «ኢልመ ኪየ»፥ ሴቷ «ኢንተለ ቲየ» ትባላለች፤ «ይህ» እና «ይህች»ም «ኩን» እና «ቱን» ተብለው ይለያሉ። በምዕራብ ግን የተባዕቱ መልክ ለኹለቱም ጾታ ስለሚያገለግል፥ ሴቷም «ኢንተለ ኮ» ትባላለች። በዚህ ነጥብ ጥንታዊውን ሥርዐት የጠበቁት ምሥራቁና ደቡቡ ናቸው፤ ወለጋ ለውጦታል።

የሜጫ ኦሮሞ ከ16ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ወደ ምዕራብ ሲስፋፋ፥ ሌላ ቋንቋ የነበራቸውን ብዙ ነባር ነገዶች ከራሱ ጋር አዋሕዷል። ብዙ ሰው ዐድጎ በሚማረው ቋንቋ ውስጥ እንዲህ ያለው መለያ መላላቱ በሌሎች አገሮችም የታየ ስለ ኾነ፥ የወለጋው ለውጥ ከዚህ ታሪክ ጋር ቢያያዝ የሚያስደንቅ አይኾንም።

ታዲያ የወለጋ አነጋገር ክብሩን ከወዴት አገኘ? መልሱ ከወለጋ እጅግ ርቆ፥ በምጽዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ይገኛል። በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔስሞስ ነሲብ በ1870 በምጽዋ ነጻ ከወጣ በኋላ በሚሲዮኑ ተማረ። ከሊሙ የተማረከችውና በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም በዚያው የሥራ ባልደረባው ኾነች፤ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት እንደ ሰበሰበች ይነገራል። ሐዲስ ኪዳን በ1893፥ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ በ1894፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899፥ ኹሉም በግእዝ ፊደል ታተሙ። እንግዲህ ይህ የጽሕፈት ቋንቋ የአንድ ቀበሌ ልሳን አይደለም፤ ከየአገሩ በግዞት የተሰበሰቡ ሰዎች ያቆሙት ነው።

ኦኔስሞስና ባልደረቦቹ በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ፤ በመጀመሪያ ቢላ በምትገኝበት በቦጂ ምድር፥ ቀጥሎም በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር አገር በነቀምቴ አስተማሩ። በ1906 ስብከቱ በክስ ቢታገድም፥ በ1916 በልጅ ኢያሱ ተፈቀደለት። ኦኔስሞስ በ1931 በነቀምቴ እስኪያርፍ ድረስ መጽሐፉና አንባቢው በወለጋ ተገናኝተው ቈዩ፤ ስለዚህ የመጽሐፉ ቋንቋ የአገሩ ቋንቋ ተብሎ ተቈጠረ።

ከዚያ በኋላ ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ ባለመኾኑ ኅትመቱ ለብዙ ዘመን ተዳከመ። በ1975 «በሪሳ» ጋዜጣ፥ በ1979ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግእዝ ፊደል ቢያነቃቁት፥ በ1991 በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ ተተካ። የፊደሉ ለውጥ የአነጋገሩንም ጕዳይ ይነካል። የግእዝ ፊደል መጥበቅን ስለማያሳይ፥ «በዳ» ተብሎ የተጻፈው ሲላላ «ክፉ»፥ ሲጠብቅ «ደጋ» ይኾናል፤ አንባቢውም እንደ አገሩ ልማድ ያነበዋል። ቁቤ ግን መጥበቅንም የአናባቢን ርዝመትም ስለሚጽፍ፥ የመጽሐፉ አዘጋጅ ከየአገሩ አነባበብ አንዱን መምረጥ ግድ ይኾንበታል።

ስለዚህ ዛሬ ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ በኾነበት ጊዜ፥ ጥያቄው ከሊቃውንት ክርክር ያልፋል። አንድ መምህር የሐረርጌን ወይም የቦረናን ልጅ «ኢንተለ ቲየ» በማለቱ ቢያርመው፥ በእናቱ ቋንቋ የተጠበቀውን ጥንታዊ ሥርዐት ስሕተት ነው ማለቱ ነው። ለትምህርት የጋራ የጽሕፈት ቋንቋ ያስፈልጋል፤ የወለጋው ወግም ለዚህ ትልቅ ውለታ ውሏል። ነገር ግን ውለታው የተገኘው ከብዙ አገር በተሰበሰቡ ሰዎች ድካም ስለ ኾነ፥ የሌሎቹን አነጋገር ለመግፋት ምክንያት ሊኾን አይገባውም።