የአበባ አገር ገበሬዎች የአበባውን ራስ ለምን ይቆርጣሉ?

 

እንደ ጥለት የተዘረጋ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ አበባ ያለበት ማሳ በስልካችሁ ሳታዩ አትቀሩም። አበባው ቱሊፕ ይባላል፤ አገሩ ሆላንድ የምንላት ኔዘርላንድ ናት። ዛሬ የማዳበሪያና የአረሙን ወሬ ተወት አድርገን በሐሳብ ለአንድ ቀን እዚያ ደርሰን እንምጣ። "የአበባ ታሪክ ለእኛ ምን ሊረባን?" እንዳትሉ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የዘር ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከአምስተርዳም በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሊሰ በምትባል ከተማ ኩከንሆፍ የሚባል የታወቀ የአበባ ስፍራ አለ። ስፋቱ 32 ሄክታር ነው። ቱሊፕ እንደ ሽንኩርት ኮረት አለው፤ የሚተከለውም ኮረቱ ነው። ብርዱ ሳይጠና፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አትክልተኞች ወደ 7 ሚሊዮን ኮረት በእጃቸው ይተክላሉ። ኮረቱ ብርዱን በአፈር ውስጥ ያሳልፍና ሙቀት ሲመጣ ያብባል። ስፍራው ለጎብኚ የሚከፈተው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ለ8 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ለዚያች ጊዜ ከመላው ዓለም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎርፋል።

ኩከንሆፍ ማለት በእነሱ ቋንቋ "የማድቤት ጓሮ" እንደ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው የመኳንንት ማደኛ ነበር፤ ለግንቡ ማድቤት የሚሆን ቅጠላ ቅጠልም ይለቀምበት ነበር። የአበባ ማሳያ የሆነው ግን በቅርቡ ነው። በ1949 ሃያ የሚሆኑ የኮረት አምራቾችና ላኪዎች ተሰባስበው "ኮረታችን ምን እንደሚያበቅል ገዢው በዓይኑ ይይ" ብለው ተነሡ። በ1950 በሩን ሲከፍቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 236 ሺህ ሰው ጎበኘው። ዛሬም ኮረቱን በነፃ የሚያቀርቡት አምራቾቹ ናቸው። በእኛ አነጋገር ኩከንሆፍ የአምራቾች ሠርቶ ማሳያ ነው።

ታዲያ ከአጥሩ ወጣ ብላችሁ የአምራቾቹን ማሳ ብታዩ ትገረማላችሁ። አበባው ፈክቶ ጥቂት ቀን እንደቆየ ማሽን ይገባና ራስ ራሱን ይቆርጠዋል። ግንዱና ቅጠሉ ብቻ ይቀራል። ለምን? እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ኮረቱን ነው። አበባው ዘር መያዝ ከጀመረ ጉልበቱን ይበላል፤ ሲቆረጥ ግን ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ታች ወርዶ ኮረቱን ያፋፋዋል።

ከመቁረጣቸው በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። ሠራተኞች መስመር ለመስመር እየሄዱ የታመመ ተክል ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ነቅለው ያስወግዳሉ። ይህንን ልማድ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ቱሊፕ የኔዘርላንድ ተወላጅ አይደለም። የመጣው ከመካከለኛው እስያ ተራሮች በቱርክ በኩል ነው። በ1593 ካሮሉስ ክሉሲየስ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ስፍራ ተከለው፤ በዓመቱ አበበ። ቀስ በቀስ ሀብታሙ ሁሉ ይፈልገው ጀመር። ከሁሉም የተወደደው በነጭ ወይም በቢጫ መደብ ላይ እንደ ነበልባል የተዥጎረጎረው ነበር። በ1636 መጨረሻ ነገሩ እብደት ሆነ። ኮረቱ ገና መሬት ውስጥ እያለ፣ ሳይታይ፣ በመጠጥ ቤት በወረቀት ውል ብቻ ከእጅ እጅ ይሸጥ ነበር። በየካቲት 1637 ሃርለም ከተማ ላይ ገዢ ጠፋ፤ ዋጋው ወረደ። አገር አልከሰረም፣ ግን ውሉ ፈረሰ፣ ሰው ከሰው ተካሰሰ።

የሚገርመው ደግሞ ያ ዝንጉርጉር መልክ በሽታ ነበር! በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ የምትባል ተመራማሪ ከታመመው ኮረት ወደ ጤነኛው እንደሚተላለፍ አሳየች። ምክንያቱ ቫይረስ ነው፤ ከተክል ተክል የሚያዛምተው እናንተም የምታውቁት ክሽክሽ ነው። የታመመው ኮረት ከዓመት ዓመት እየደከመ፣ የሚወልደውም እያነሰ ይሄዳል። ሰዎቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጡት በሚያምር ግን በታመመ ዘር ላይ ነበር ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 መጨረሻ፣ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድ የሚሄደውን ምግብ ዘጉ። ቦዩ ደግሞ በብርድ ደርቆ በረዶ ሆነ፤ ጀልባም ማለፍ አቃተው። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው በረሃብ አለቀ። ያኔ በጦርነቱ ምክንያት ሳይተከል በየመጋዘኑ የቀረ የቱሊፕ ኮረት ነበር። ሕዝቡ መርዛማ የሆነውን የመሐል ቡቃያ እያወጣ፣ ቀሪውን እየቀቀለ በላው። (እባካችሁ ይህን ማንም እንዳይሞክር፤ የአበባ ኮረት ይመርዛል።) ዘር መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ኩከንሆፍን ለመክፈት የተሰባሰቡት አምራቾች ከዚያ ረሃብ በኋላ አራት ዓመት ብቻ ነው ያለፋቸው።

አሁን ወደ ድንች ማሳችን እንመለስ። ድንችም እንደ ቱሊፕ ከራሱ አካል ስለሚተከል በሽታው ከዘሩ ጋር ይወርሳል፤ ቫይረሱንም የሚያመጣው ያው ክሽክሽ ነው። ብዙዎቻችን ትልልቁን ለገበያና ለቤት አውጥተን ደቃቁን ለዘር እናስቀምጣለን። የታመመ ተክል ደግሞ ደቃቅ ነው የሚያፈራው። በቃ፣ ሳናውቀው በሽታውን መርጠን ተከልን ማለት ነው። "መሬቱ ደከመ" የምንለው አንዳንዴ ዘሩ ደክሞ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ድንቹ ሲያብብ ማሳችሁን ዙሩ። ቅጠሉ ያልተዥጎረጎረ፣ ያልተጨማደደ፣ ቁመናው ያማረውን ተክል በእንጨት ምልክት አድርጉ። ሲደርስ ምልክት ያለውን ለብቻው ቆፍሩ፤ ከአንዱ ሥር ብዙና ጥሩ ድንች የሰጠውን ብቻ ለዘር አስቀምጡ። ለቫይረስ የሚረጭ መድኃኒት የለም፤ የታመመውን መንቀል ነው።

የሚያጠራጥር ቅጠል ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ወይም ወደ ጣቢያው ብቅ በሉ። መልካም የሥራ ጊዜ!