ስግደትና የእርጅና ዘመን በመንዝ ደጋ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ታሪክ ሲጻፍ ጎልቶ የሚወጣው የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ፣ የርስት ሙግትና የዘመቻ ዝና ነው፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አረጋውያን ሞፈርና እርፍ ለልጆቻቸው ካስረከቡ በኋላ የቀረ ዕድሜያቸውን በምን ሥርዓት ያሳልፉ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁንና በአሁኑ ዘመን ዮጋን የመሳሰሉ ልምምዶች ለአረጋውያን የሚሰጡት ጥቅም በሚነገርበት ጊዜ፣ አካልን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን በአንድነት የሚገዛው የአገሩ ሥርዓት ሊመረመር የሚገባው የታሪክ ክፍል ነው።

ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈለው መንዝ ገብስ የሚበቅልበትና በግ የሚረባበት ብርዳም አገር ሲሆን፣ ከፍተኛው የጓሳ ሣር ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የክርስቲያን አገር ሁሉ፣ ዕድሜ የገፋ ሰው፣ በተለይም የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ መመንኮሱ ማለትም ቆብ መድፋቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ሩቅ ገዳም ሳይሄዱ፣ ሴቷ «እማሆይ» ወንዱም «አባ» እየተባሉ፣ በቤታቸው ወይም በደብሩ አጠገብ ይኖራሉ።

የእነዚህ ሰዎች ቀን የሚለካው በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሲሆን፣ ዋና ተግባራቸውም ዳዊት መድገም፣ ማስቀደስና መስገድ ነው። ስግደት በአፈጻጸሙ ሦስት ደረጃ አለው፤ አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ አስተብርኮ በጉልበት መንበርከክ፣ ሰጊድ ደግሞ ግንባርን ምድር አስነክቶ መነሣት ነው። ይህ መውደቅና መነሣት ጭንን፣ ወገብንና ክንድን ያሠራል፤ ረጅሙን ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስም ሚዛን መጠበቅን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው መቋሚያ በተባለው የጸሎት በትር ይደገፋል። የቡልጋ ተወላጅ የሆኑት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪቆረጥ ድረስ ቆሙ የሚለው ትውፊት፣ ሸዋ ለቁመት ጸሎት የሚሰጠውን ክብር ያሳያል።

ሥርዓቱ ለድካምም ቦታ አለው። የነፍስ አባት የስግደቱን መጠን እንደ ሰውዬው አቅም ይወስናል፤ በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሞነ ሕማማት፣ ስግደቱ ይበዛል፤ በእሑድ፣ በጌታ በዓላትና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ይቆማል። ስለዚህ የአረጋዊው አካል ዓመቱን በሙሉ በሥራና በዕረፍት እየተፈራረቀ ይመራ ነበር።

በህንድ የተወለደው ዮጋ፣ የአካል አቋምን፣ የትንፋሽ አገዛዝንና ተመስጦን አጣምሮ የያዘ ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጁን 21 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14) በየዓመቱ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች እንዳይወድቁ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲያደርጉ ይመክራል። ስግደት አምልኮ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ከዮጋ ጋር አንድ ነው ማለትም ሁለቱንም ማሳነስ ይሆናል። የሚገናኙት ግን በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም በየዕለቱ፣ በሥርዓትና በልክ ሲደረጉ ሽማግሌውን ከመኝታው የሚያስነሣ ምክንያት ይሰጡታል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ የመንዝን ኑሮ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን፣ በኋለኛ ዘመኑ አይኪዶ የተባለውን የጃፓን የአካል ጥበብ ከመለማመድም አልፎ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮበታል፤ ዕድሜው ከ65 ካለፈ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ጥበቡን ለማኅበራዊ ጥቅም የሚያውል ማኅበር መሥርቷል። ከእነዚህ ልዩ ልዩ ወጎች የሚገኘው ፍርድ አንድ ነው፤ እርጅናን የሚያበለጽገው የልምምዱ ባዕድነት ወይም አዲስነት ሳይሆን ዘወትርነቱና ከማኅበር ጋር መያያዙ ነው። ለአረጋውያን የጤና መርሐ ግብር የሚያዘጋጁ ሰዎችም፣ የደጋው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በስግደትና በቁመት ያካበቱትን ልምድ አስቀድመው ሊያጠኑት ይገባል።