ጸሎት ስለ ሚሲዮናውያን (በባፕቲስቶች ዘንድ)
ባፕቲስቶች በየጊዜው ተሰብስበው በሩቅ አገር ስላሉ የወንጌል መልእክተኞችና አብያተ ክርስቲያናት የሚያቀርቡት ምልጃ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1784 በእንግሊዝ የኖርዛምፕተንሻየር አጥቢያዎች በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ምሽት በኅብረት እንዲጸለይ ያወጡት ጥሪ ነው። ልመናው በራስ ማኅበር ሳይወሰን እስከ ምድር ዳር እንዲዘልቅ መጠየቁ የጥሪው ታላቅነት ነው። በ1792 የባፕቲስት ሚሲዮን ማኅበር በዚያው አውራጃ ተመሠረተ፤ ዊልያም ኬሪም በዓመቱ ወደ ሕንድ ተጓዘ። አሜሪካውያን ባፕቲስቶችም ኋላ በአገራችን በመንዝ በሚሲዮናዊነት ሠርተዋል።

ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ስለ ዓለም ሁሉ መማለድ እንግዳ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴ፣ ለቢቸና ቅርብ በሆነው በዲማ ጊዮርጊስም ጭምር፣ ከዳር እስከ ዳር ስላለች ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ መንገደኞችና ስለ ሕሙማን ይጸለያል፤ ይህም ከ1784ቱ ጥሪ እጅግ የቀደመ ነው።